ሦስት ጉርሻ፦ መድኃኒት አልውጥ ላለ ውሻ

ከኮሽሙ ሥር አራት ካፕሱል አገኘሁ። አፈር ለብሰው ነበር፤ ሁለቱ መሟሟት ጀምረዋል። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለውን ግቢያችንን ሰባት ዓመት የጠበቀው ነብሮ ከሰፈር ውሾች ጋር ተናክሶ፣ የኋላ እግሩ ላይ ጥልቅ ቁስል ይዞ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ደግሞለት፣ ጠዋትና ማታ አንዳንድ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ለ10 ቀን አዘዘለት። እኔ በሥጋ እየጠቀለልሁ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ሥጋውን ይውጥና ካፕሱሉን ጉንጩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ፊቴን ሳዞር ሄዶ ኮሽሙ ሥር ይተፋዋል። ከሰጠሁት አምስት ካፕሱል ሆዱ የገባው አንዱ ብቻ ነበር። ቁስሉ ለምን እየሸተተ እንደሄደ ያን ጊዜ ገባኝ።

የቀሩትን ቀናት ከሐኪሙም፣ ከጎረቤቶቼም፣ ከራሱ ከነብሮም እየተማርሁ አሳለፍሁ። ከሁሉም በላይ የተማርሁት ይህን ነው፦ ውሻ የሚሸሸው ከመድኃኒቱ ይልቅ ከአያያዛችን ነው። ሦስት ሰው ተረባርቦ አፉን በግድ የከፈተውና መራራ ነገር የጋተው ውሻ በማግስቱ የፌስታሉን ድምፅ ገና ሲሰማ አጥር ሥር ይገባል። በሦስተኛው ቀን ይነክሳል። ሕክምናው ግን ብዙ ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ የዛሬውን ክኒን ስናውጠው የነገውንም እያሰብን መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከለስላሳው ተነሥቶ ወደ ከባዱ ይሄዳል። ለስላሳው ከሠራልዎ ከባዱን ጨርሶ አይንኩት።

እጅዎን ወደ አፉ ማስገባት የሌለብዎ ጊዜ

ይህን ያስቀደምሁት የሰው ሕይወት ስለሚጠፋበት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ጎንደርና አካባቢዋም ከዚህ አላመለጡም። በሽታው በአንዳንድ ውሻ ላይ የሚገለጠው በመናከስ ሳይሆን በዝምታ ነው፦ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውኃ መዋጥ ያቅተዋል፣ የጩኸቱ ድምፅ ይለወጣል። ባለቤቱ አጥንት ያነቀው ይመስለውና ሊያወጣለት እጁን ይሰዳል፤ ወይም ታሟል ብሎ መድኃኒት ሊያውጠው ይሞክራል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ደግሞ ያው ለሃጭ ነው፤ በጣት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ትበቃዋለች።

ስለዚህ ውሻዎ ያለ ምክንያት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የሚንገዳገድ ወይም ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ከሆነ ምንም መድኃኒት አይስጡት። ልጆችን ያርቁ፣ ውሻውን በር ያለው ቦታ ይዝጉበትና ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ክትባት ያልወሰደ ከሆነማ ለአንድ ደቂቃም አይጠራጠሩ።

ማንኛውም ውሻ፣ የራስዎም ቢሆን፣ መድኃኒት ሲሰጡት ቢነክስዎ ወይም ለሃጩ ቁስልዎን ቢነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጠበል የሚሄድም ሰው ክትባቱን አስቀድሞ ይጀምር። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ቢመስልም ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ አይገደል፣ አይባረርም።

ከሐኪሙ ቤት ሳይወጡ

በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ አለ፤ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጡ የግል መደብሮችም አሉ። የትም ይሂዱ፣ መድኃኒቱን ተቀብለው ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁ። በምግብ ነው ወይስ በባዶ ሆድ የሚሰጠው? ከወተትና ከአይብ ጋር ይሄዳል? ክኒኑን መፍጨት፣ ካፕሱሉን መክፈት ይቻላል? ቢያስመልሰው ልድገመው? በሽሮፕ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ተመሳሳይ መድኃኒት አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል፤ አፉን ጨርሶ የማያስነካ ውሻ ካለዎ ግን አሥር ቀን ከመታገል አንድ መርፌ ሊገላግልዎ ይችላል።

የውሻውን ክብደት ይዘው ይሂዱ፤ መጠኑ የሚሰላው በእሱ ነው። የሰው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻዎን ይቁሙ፣ ከዚያ ውሻውን ታቅፈው ይቁሙ፤ ልዩነቱ ክብደቱ ነው። እርስዎ 62፣ አብራችሁ 79 ከሆናችሁ ውሻው 17 ኪሎ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን መናገር አለብኝ። ቤት ያለውን የከብት ወይም የበግ መድኃኒት በዓይን ገምቶ ቆርሶ ለውሻ መስጠት የተለመደ ነው። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ለበግና ለፍየል ባለ 300፣ ለከብት ባለ 2500 ሚሊ ግራም ሆኖ ይሸጣል፤ ከከብቱ ላይ በቢላ የተቆረሰችው «ትንሽ ቁራሽ» ለውሻ እጅግ ብዙ ልትሆን ትችላለች። አልቤንዳዞል ደግሞ የውሻን መቅኔ ሊጎዳ፣ ደም መሥራቱን ሊያውክ የሚችል መድኃኒት ነው። የከብት አይቨርሜክቲንም እንዲሁ፦ ጥቂት ጠብታ ሲበዛ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ያሳውራል፣ ይገድላልም። ከሰው መድኃኒት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል። «ሕመሙን ላስታግሥለት» በሚል ርኅራኄ የተሰጠች አንዲት ክኒን ውሻ ገድላለች። ያልታዘዘ አይስጡ።

በምን እንሸሽገው?

ነብሮ ያታለለኝ የጠቀለልሁበት ሥጋ ትልቅና የሚታኘክ ስለነበር ነው። ውሻ ሲያኝክ ክኒኑን ያገኘዋል። መሸሸጊያው ለስላሳ፣ የሚጣበቅ፣ ሽታው ጠንካራ፣ ቁራሹም ሳይታኘክ የሚዋጥ መሆን አለበት፤ የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ይበቃል።

ከሞከርሁት ሁሉ የሚበልጠው የተቀቀለ ጉበት ነው። ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ቀቅለው በሹካ ሲደፈጥጡት እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ሽታው የመድኃኒቱን ሽታ ይውጠዋል። ግን ይቀቀል። ከዕርድ የተረፈ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መጣል በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው፤ በእሱ ውስጥ ያለው ቋት መሰል ትል ውሻው አንጀት ገብቶ ይራባል፣ ከዓይነ ምድሩም በእጅና በአትክልት አድርጎ ወደ ሰው ይመለሳል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ውኃ የቋጠረ እብጠት ያበቅላል። መድኃኒት ልንሰጠው ብለን በሽታ አናብላው።

የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ከትንሽ ውኃ ጋር ሲታሽ ጥሩ ይጣበቃል። የዳቦ ልብ በሥጋ መረቅ ረጥቦ ሲጠቀለልም ይሆናል። አይብና እርጎ ውሾች ይወዳሉ፤ ነገር ግን እንደ ዶክሲሳይክሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ኤንሮፍሎክሳሲን ያሉ መድኃኒቶች በወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ስለሚተሳሰሩ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ለእነዚህ አይብ አይጠቀሙ።

ጾም ሲሆንስ? በሁዳዴ ቤታችን ሥጋም እንቁላልም አይገባም፤ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል። ውሻው ግን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ዓሣ የሚገባበት ቤት ከሆነ ከጎርጎራ በኩል የሚመጣ የጣና ዓሣ ተቀቅሎ፣ እሾሁ አንድ በአንድ ተለቅሞ ሲደፈጠጥ ከጉበት አያንስም። ዓሣም የማይገባበት ቤት የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ድንች ደፍጥጦ ይያዝ፤ ሽታው ደካማ ስለሆነ ውሻው በደንብ መራብ አለበት። ስኳር ያልተጨመረበት የለውዝ ቅቤም ይሠራል፤ ጽሑፉ ላይ ዛይሊቶል የሚል የስኳር ምትክ ካለበት ግን አያስነኩት፣ ለውሻ መርዝ ነው።

አሁን ደግሞ ከማጀታችን የማይሆኑት። ወጥ አይሆንም። ማናቸውም ወጥ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ይጀምራል። ዱለትም በዚሁ ይወድቃል። የተነጠረ ቅቤ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ስለሚነጠር እሱም ይቅር፤ ካስፈለገ ጥቂት ለጋ ቅቤ ክኒኑ ላይ ቀብቶ ማለስለስ ይቻላል። ቋንጣው በርበሬና ጨው አለበት። ጮማ በብዛት የበላ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ያልበሰለ ሊጥም አይሁን፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቦካል፣ ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል። ለእንጀራ የተቦካውን ቡኮ ክዳን ላይ ድንጋይ የምንጭነው ለዚህም ጭምር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሦስቱ ጉርሻ

በእኛ አገር አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ለውሻም እውነት ሆኖ አገኘሁት። አንዲት ቁራሽ ብቻ ይዘው ከቀረቡት ይመረምራታል፣ ያገላብጣታል፣ ይጠረጥራታል። ሦስት ሲሆኑ ግን ሐሳቡ በእጁ ካለችው ይልቅ ወደምትመጣው ይሄዳል።

ውሻው ሳይበላ ይጠብቁት። የዘወትር ምግቡን መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ይስጡት። ቁራሾቹን እሱ በማያይዎ ቦታ ያዘጋጁ፤ የፌስታል መንኮሻኮሽና የካፕሱል ማሸጊያ ድምፅ ለእሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ክኒኑን በአንድ እጅ ይንኩ፣ ምግቡን በሌላው ይጠቅልሉ፤ ሁለቱን በአንድ እጅ ከነኩ የመድኃኒቱ ሽታ በጉርሻው ውጭ ይቀራል፣ የውሻ አፍንጫም ይህን አይስትም። እጅዎን ታጥበው ከዚያ ይውጡ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ባዶ ነው። ይስጡት፣ ይዋጠው። ሁለተኛው መድኃኒቱ ያለበት ነው። ይህን ሲሰጡት ሦስተኛው በሌላው እጅዎ፣ ከአፍንጫው ፊት፣ እያየው መሆን አለበት፤ ቁልፉ ይህ ነው። ሦስተኛውን ለማግኘት ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። ሦስተኛውን ወዲያው፣ ሳያስጠብቁ ያጉርሱት። በመካከሉ ያለው ጊዜ አንድ ትንፋሽ እንኳ አይሁን፤ ከዘገዩ ምላሱ ይፈልጋል።

ሁለት ውሻ ካለዎ የጤነኛው መኖር ይጠቅማል፤ አጠገቡ አሥረው ለእሱም ባዶ ጉርሻ እየሰጡ ቢያሳዩት የታመመው በቅናት ፈጥኖ ይውጣል። ብቻ የማን ጉርሻ የማን እንደሆነ አይሳሳቱ።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ አብረውት ይቁሙ። እኔን ያጎደለኝ ይህ ነበር። ጉንጩን ከውጭ በጣትዎ ዳብሰው ይዩ፣ የቆመበትን መሬት ይዩ፣ የሚተኛበትን ቦታ በየቀኑ ይፈትሹ።

ክኒኑን ከሙሉ ምግቡ ሳሕን ጋር መቀላቀልን አልመክርም። ግማሹን ቢተው ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደ ማወቅ አይቻልም፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ምግቡን ራሱን መጠርጠር ይጀምራል፣ የታመመ ውሻም የሚበላውን ማጣት የለበትም።

በእጅ ማዋጥ

ሦስቱ ጉርሻ ካልሠራ፣ ወይም ውሻው ምንም አልበላ ካለ፣ ክኒኑን በእጅ ማስገባት ይቻላል። ይህ ሰውን ለለመደ፣ ባለቤቱን ለሚያምን ውሻ ነው። ካጉረመረመ፣ ጥርሱን ካገጠጠ ወይም አካሉ ድንጋይ ሆኖ ዓይኑ ከፈጠጠ እዚያው ያቁሙና ሐኪሙን ያነጋግሩ። ጉርምርምታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱን አክብሮ የሚያቆም ሰው ብዙ ጊዜ አይነከስም።

1. ክኒኑን ጥቂት ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት ይቀቡት። 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ መርፌው በተነቀለለት ስሪንጅ ሞልተው አጠገብዎ ያስቀምጡ።

2. ውሻውን ወደ ግድግዳ ማዕዘን ያስጠጉት፣ ኋላ ኋላ እንዳይል። ከጎኑ ይንበርከኩ፤ ከላዩ አይቁሙ፣ አይፈናጠጡት። ትንሽ ውሻ ከሆነ አሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ጭንቅላቱን ብቻ ያውጡ። ረዳት ካለ አንገቱን ሳይሆን ትከሻውንና ደረቱን አቅፎ ይያዝ፣ በለሆሳስ ያነጋግረው። ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም፤ ልጆችም ከግቢው ገለል ይበሉ።

3. በግራ እጅዎ የላይኛውን መንጋጋ ከላይ ይያዙ፤ አውራ ጣትዎ በአንድ በኩል፣ ሌሎቹ ጣቶች በሌላው በኩል፣ ከክራንቻው ኋላ ጥርስ በሌለበት ክፍተት ይረፉ። አፍንጫውን ጨምቀው ትንፋሽ አይከልክሉት። ጭንቅላቱን በቀስታ ቀና ያድርጉት፤ ያን ጊዜ የታችኛው መንጋጋ በራሱ ላላ ይላል።

4. ክኒኑን በቀኝ እጅ አውራና ጠቋሚ ጣት ይያዙ። በመካከለኛው ጣትዎ የታችኛውን የፊት ጥርሶች ወደ ታች ጫን ሲያደርጉ አፉ ይከፈታል። ክኒኑን ምላሱ መካከል፣ ከኋላ በኩል፣ ጉብ ባለው ቦታ አሳልፈው ያኑሩት። ጫፍ ላይ ያስቀመጡት ተመልሶ ይወጣል፣ ጎን ላይ ያስቀመጡት ይታኘካል። ወደ ጉሮሮው አይወርውሩት፣ በጣትም አይግፉ።

5. አፉን ዘግተው ጭንቅላቱን ወደ ትክክለኛው ቦታው ይመልሱት። ሽቅብ እንዳንጋጠጠ አይያዙት፤ እኛም አንጋጠን ስንውጥ ይከብደናል። ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይዳብሱት፣ ወይም አፍንጫው ላይ እፍ ይበሉበት። ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ሲልስ ውጧል ማለት ነው።

6. ወዲያው ውኃውን በጉንጩ በኩል ጥቂት ጥቂት አድርገው ይስጡት፣ ወይም አንድ ለስላሳ ጉርሻ ያስከትሉ። ይህ የሚዘለል አይደለም። ደረቅ ክኒንና ካፕሱል ምግብ መተላለፊያው ላይ ተጣብቆ ሊቀር፣ ሊያቆስለውም ይችላል፤ ዶክሲሳይክሊን በዚህ በጣም ይታወቃል።

7. ወዲያው ይልቀቁትና ያመስግኑት። ስሙን ይጥሩለት፣ ይዳብሱት፣ የሚወደውን ይስጡት።

ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልሆነ ያቁሙ። እርስዎም ላብ ላብ ብሎዎታል፣ እሱም ልቡ ይመታል። ግማሽ ሰዓት አሳርፈው በሌላ ዘዴ ይምጡ። መራራ ክኒን አፉ ውስጥ ከሟሟ አረፋ ሊያስደፍቀው ይችላል፤ ከጣዕሙ የመጣ ከሆነ ውኃ ሲጠጣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

ሽሮፕ ከሆነ

በሽሮፕ የሚሞት ውሻ አለ፤ በሽሮፑ ሳይሆን በአሰጣጡ። ጭንቅላቱን ሽቅብ ይዞ በአፉ ፊት መገልበጥ ፈሳሹን ወደ ሳንባ ይልከዋል። ጭንቅላቱ እንደ ወትሮው ይሁን። ከንፈሩን በጎን ገለጥ አድርገው መርፌ የሌለውን ስሪንጅ በጉንጩና በጥርሱ መካከል ባለው ኪስ ያስገቡ፤ ጥርሱን ማስከፈት አያስፈልግም። አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይግፉ፣ ይዋጥ፣ እንደገና ይግፉ። ካሳለ ወዲያው ያቁሙ። መጠኑን በቤት ማንኪያ አይለኩ፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው ቢባልም የየቤቱ ማንኪያ ይለያያል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ በእጅዎ ጨብጠው ቅዝቃዜውን ይስበሩለት፣ እሳት ግን አያሳዩት።

ሐኪሙ መፍጨት ከፈቀደ በሁለት ማንኪያ መካከል ይፍጩት፤ በቤቱ ሙቀጫ አይሁን። ነጭ ሽንኩርቱ ወደ ውሻው፣ መድኃኒቱ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ሜትሮኒዳዞል ከተፈጨ ምሬቱን የሚሸፍነው ምግብ የለም፤ እሱን ሙሉውን ማዋጥ ይሻላል። ከሆድ አሲድ የሚጠብቅ ሽፋን ያለው ክኒን ደግሞ አይፈጭም።

ሰዓቱ

«በቀን ሁለት ጊዜ» ማለት በ12 ሰዓት ልዩነት ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት የሰጡ እንደሆነ ማታ 1 ሰዓት ይደግሙታል። በእኛ ሰፈር ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ይህን ልማድ ለመድኃኒቱ ማዋል ይቻላል። የማታውን ክኒን ከመፍታትዎ በፊት ይስጡት፣ መዋጡን እንዳረጋገጡ ይፍቱት። ቀኑን ሙሉ የሚናፍቀው ነገር መድኃኒቱን ተከትሎ ሲመጣ ክኒኑን መጥላቱን ይተዋል። ነብሮን የለወጠው ከምግቡ ይልቅ ይህ ይመስለኛል፤ በአምስተኛው ቀን ሰንሰለቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሦስቱን ጉርሻ መጠበቅ ጀመረ። ከተፈታ በኋላ ከሆነ ግን አንዴ ሰፈር ዞሮ፣ የሆነ ነገር በልቶ ስለሚመጣ አይራብም።

ቤተሰብ ሲበዛ መድኃኒት ይደገማል ወይም ይዘለላል። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጥፉ፣ የሰጠ ሰው ምልክት ያድርግ። በበዓል ይህ የበለጠ ይበጃል። በከተራና በጥምቀት ግቢው በእንግዳ ይሞላል፣ ከበሮውና እልልታው ውሻውን ያስፈራዋል፣ እንግዳውም አጥንት ይወረውርለታል። መድኃኒቱን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሳይወጡ፣ ግቢው ጸጥ እንዳለ ይስጡት፤ እንግዶችንም «እማዋይ፣ መድኃኒት ላይ ነው፤ ምንም አይስጡብኝ» ብሎ መለመን ነውር የለውም። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ ያለ መድኃኒትም ቢሆን አይሰጥ።

አንድ ጊዜ ከረሱ፣ ባስታወሱ ጊዜ ይስጡት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ግን ያለፈውን ይተውት እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አይስጡ። ቁስሉ ደረቀ ብለው አንቲባዮቲኩን በአራተኛው ቀን አያቁሙ። ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ውሻ ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው፤ የሚቀነሰው ሐኪሙ በሚሰጠው ሥርዓት ነው።

ከመድኃኒት በኋላ ፊቱ ካበጠ፣ ቆዳው ላይ ጉብ ጉብ ያለ ሽፍታ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

ባይታመምም

የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት ስላለብን ልምምዱ ለጤነኛ ውሻም ይጠቅማል። በሳምንት አንድ ቀን፣ መድኃኒት ሳይኖር፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጉርሻ ይስጡት፤ በሌላ ሳምንት ክራንቻውን ይንኩና ይስጡት፤ ቀጥሎ አፉን ትንሽ ከፍተው ምላሱ ላይ ቁራሽ ጉበት ያኑሩ። ቡችላ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ይለምደዋል። ትልቅ ውሻ ይዘገያል፤ ይለምዳል ግን።

እኔ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሁ አደርገዋለሁ። የነብሮ እግር ድኗል፤ ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለም። ሦስት ባዶ ጉርሻ ሰጥቼው እጄን በሳሙና እታጠብና ቁርሴን እቀርባለሁ። ኮሽሙ ሥር አሁንም ጎንበስ ብዬ አያለሁ።